ፑኝዶ ስንት ጊዜ ተከፈተ?

በጋምቤላ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የምትገኘው ፑኝዶ በእንግሊዝኛ አንድ ወጥ ስም አላገኘችም። አንዱ ጸሐፊ ፒኝዩዶ፣ ሌላው ፉኝዶ ይላታል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ስሟ ሳይሆን ታሪኳ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ትርፍ ቃል ናት።

በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች እዚያ ሰፈሩ። በሺህ የሚቆጠሩት ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆች ነበሩ። በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ካምፑ ባዶ ቀረ። ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎቹ ሰጠሙ፤ በጥይት የወደቁም አሉ። ከተረፉት ብዙዎች በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። በ1993 የፑኝዶ ካምፕ እንደገና ተከፈተ።

እስቲ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንጻፋት። ብዙዎቻችን «ሪኦፕንድ አጌን» እንላለን። አይፈረድብንም፤ «ተከፈተ» ብቻውን መደገሙን ስለማይናገር አማርኛችን «እንደገና»ን የግድ ይፈልጋል። በእንግሊዝኛው ግን ከግሱ ፊት የተለጠፈችው «ሪ» ያንኑ ብላ ጨርሳለች። «ሪተርን ባክ»ም ሆነ «ሪፒት አጌን» የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

አሜሪካዊው የኮርኔል መምህር ዊሊያም ስትራንክ በ1918 ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ትርፍ ቃል ይቆረጥ ያለው ጽሑፍ እንዲጠነክር ነበር። እዚህ ግን ነገሩ ከዚያ ያልፋል። «አጌን» ስትጨመር፣ ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንባቢ ካምፑ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ለሦስተኛ ጊዜ የተከፈተ ሊመስለው ይችላል። ልጆቹ ከፑኝዶ የሸሹት ግን አንድ ጊዜ ነው፤ በዚያ በግንቦት 1991።