የስሜን ተራሮች የእግር መንገድ

ጐብኚ ዛሬ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚወጣበት መንገድ ለሽርሽር የተቀየሰ አልነበረም፤ ገበሬው እህሉን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወርድበት ነው እንጂ። በ1962 ዓ.ም. በሌላ አገር የማይገኘውን ዋልያ ከጥፋት ለማዳን ሲባል ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዳሩ ግን ዋልያው ስለ ተመናመነ፣ እርሻውም ስለ ገፋ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። ከዚህ መዝገብ የተሰረዘው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ አስቀድሞ ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው በደባርቅ አጠገብ ሠፍረዋል። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች በዚያ መንገድ ስንጓዝ ዋልያውን ማድነቅ ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱን በእግሩ ያቀናውን፣ በኋላም ስፍራውን የለቀቀውን ገበሬ ልናስታውስ ይገባናል።