‹‹ስለ መጽሐፉ ጻፉ›› የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ?

በዚህ እትም ሁላችንም ፈተና ላይ ስለምናውቀው ስለ አንድ ጥያቄ ታሪክ ልናወጋችሁ ነው። ተማሪ ልብወለድ ወይም ተውኔት አንብቦ ስለሱ ድርሰት እንዲጽፍ የሚታዘዘው ለምንድን ነው? ማንስ ጀመረው?

ነገሩን ያስነሳብን አንዲት ተማሪ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ‹‹የአሻንጉሊት ቤት›› የተሰኘው የኖርዌጂያዊው የሄንሪክ ኢብሰን ተውኔት ለኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ፈተና ከተመደቡት መጻሕፍት አንዱ ነበር። እዚህ ‹‹ሴት ቡክ›› ነው የሚሉት፤ አዲስ የመጣ ተማሪ የሴቶች መጽሐፍ እየመሰለው ስንት ጊዜ አስቆናል። ለፎርም ስሪ ተማሪዎቻችን ‹‹በተውኔቱ ውስጥ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጫና አሳዩ›› የሚል ጥያቄ ሰጠናቸው። መጽሐፉ አንዱ ለስድስት ለሰባት ነበር የሚደርሳቸው። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ያነበቡት መጽሐፉን ሳይሆን ‹‹ጋይድ›› የሚባለውን፣ መልሱ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ቀጭን መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ሆኑ። ኖራ የምትባለው ባለታሪክ እንደ አሻንጉሊት ተቆጥራ ኖረች፣ በመጨረሻ ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ወጣች፣ ነጻ ሆነች። ምሳሌው አንድ፣ አረፍተ ነገሩ አንድ፣ የእንግሊዝኛ ስህተቱ እንኳ አንድ ነው።

አንዲት ልጅ ግን ስለ ኖራ ትታ ስለ ሞግዚቷ ስለ አን-ማሪ ጻፈች። አን-ማሪ በተውኔቱ ውስጥ ጥቂት ቃል ብቻ የምትናገር ሴት ናት። የራሷን ልጅ ለባዕድ ሰጥታ የሰው ልጅ ልታሳድግ ተቀጠረች፤ ያሳደገቻትም ኖራን ነው። ተማሪያችን የጻፈችው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ ኖራ ልጆቿን ትታ ስትሄድ ዓለም ሁሉ ይከራከራል። አን-ማሪን ግን ‹‹ልጅሽን መተው እንዴት ቻልሽ?›› ብላ የጠየቀቻት ኖራ ብቻ ናት፣ እሷም የጠየቀቻት የራሷ ጉዳይ ስላስጨነቃት ነው። የልጅቷ እናት ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄዳ፣ እሷ ከአክስቷ ጋር እንዳደገች ያወቅነው በኋላ ነው።

ከሃያ ስምንት ሰጠናት። በቀይ እስክሪብቶም ‹‹ከርዕስ ውጪ›› ብለን ጻፍንበት። ከጋይድ የገለበጡት አሥራ አራትና አሥራ አምስት አገኙ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ መጣችና ‹‹ቲቸር፣ አን-ማሪ ሴት አይደለችም እንዴ?›› አለችን። መልስ አልነበረንም። ያን ቀን ማታ ነው እኛ ራሳችን የምናርመው በምን ሕግ እንደሆነ መጠየቅ የጀመርነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በአሜሪካ ኮሌጆች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዋናው የቋንቋ ትምህርት ግሪክና ላቲን ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብወለድ ሰው በቤቱ የሚያነበው እንጂ የሚፈተንበት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1874 ሃርቫርድ ኮሌጅ አዲስ ነገር አመጣ። መግባት የሚፈልግ ወጣት ሁሉ አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፍ፣ የድርሰቱም ርዕስ አስቀድመው ከሚታወቁ መጻሕፍት እንዲወጣ ወሰነ። በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ የሼክስፒር ‹‹የቬኒሱ ነጋዴ›› እና ‹‹ጁሊየስ ቄሳር››፣ እንዲሁም የዋልተር ስኮት ‹‹አይቫንሆ›› ይገኙበታል። ኮሌጁ ስለጠየቀ ትምህርት ቤቶችም እነዚያኑ መጻሕፍት ማስተማር ግድ ሆነባቸው። የሴት ቡክ ነገር በዚያ አገር እንዲህ ሥር ሰደደ።

አሁን ልብ በሉ። መመዘኛው ምን ነበር? የፊደል አጻጻፍ፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሰዋስውና አገላለጽ። ተማሪው ከመጽሐፉ ምን እንደተረዳ ዋና ጉዳይ አልነበረም። መጽሐፉ ሰበብ ነው፤ ሁሉም ተፈታኝ በአንድ ነገር ላይ እንዲጽፍ የሚያደርግ ሰበብ። ሥራውን የመሩት ቀደም ሲል ጋዜጠኛ የነበሩት አዳምስ ሸርማን ሂል ውጤቱን ሲያዩ ደነገጡ። በጥሩ ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆች በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቀጥ ያለ አረፍተ ነገር መጻፍ አቃታቸው። (ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ተስፋ ሲቆርጡ ይህን እንነግራቸዋለን፣ ትንሽ ያጽናናቸዋል።) ከዚያ በ1885 ‹‹እንግሊሽ ኤ›› የተባለው የአንደኛ ዓመት የድርሰት ኮርስ ተጀመረ። ሌሎች ኮሌጆችም ተከተሉት፤ ፍሬሽማን ኮምፖዚሽን የሚባለውም በዚያ መንገድ ተስፋፋ። ቀዩ እስክሪብቶ እንግዲህ የቆየ ዘመድ አለው ማለት ነው።

ሰበብ የነበረው መጽሐፍ በክብር መነበብ ያለበት ነገር የሆነው ቀስ በቀስ ነው። በ1938 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መጻሕፍት አሜሪካ ውስጥ ታተሙ። አንደኛው የክሊንዝ ብሩክስና የሮበርት ፔን ዋረን ነው። እነሱ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ተወው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል መርምር የሚሉ ናቸው። ይህ ዘዴ ለመምህር ይመቻል፤ አንዲት ግጥም አባዝተህ ለክፍሉ ሁሉ ማደል ትችላለህ፣ ቤተ መጻሕፍት አያስፈልግህም። ሁለተኛው የሉዊዝ ሮዘንብላት ‹‹ሥነ ጽሑፍ እንደ አሰሳ›› ነው። ሮዘንብላት ትርጉም መጽሐፉ ውስጥ ተቀብሮ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፣ አንባቢው የራሱን ኑሮ ይዞ ከጽሑፉ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው አለች። እንደፈለግህ ተርጉም ማለቷ ግን አይደለም። አንባቢው ወደ ጽሑፉ ተመልሶ ‹‹ያልኩት ነገር እዚህ አለ ወይ?›› ብሎ መመርመር አለበት ትላለች። ያቺ ተማሪ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እናቷን ይዛ ገባች፣ አን-ማሪን አገኘች፣ የአን-ማሪን ንግግር ማስረጃ አድርጋ ጻፈች። እኛ ሮዘንብላትን አናውቅም ነበር።

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። በ1993 ሁለት መምህራን ‹‹ኮሌጅ እንግሊሽ›› በተባለው መጽሔት ላይ ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ኤሪካ ሊንደማን ሥነ ጽሑፍ በአንደኛ ዓመት የድርሰት ኮርስ ውስጥ ቦታ የለውም አለች። ተማሪው የሚመጣው ለባዮሎጂውም ለታሪኩም የሚሆን ጽሕፈት ሊማር ነው፤ ልብወለድ ሲገባ መምህሩ ያወራል፣ ተማሪው ይሰማል፣ የሚጻፈውም ያንሳል ስትል ተከራከረች። ጌሪ ቴት ደግሞ ሰው የሚጽፈው ለኮሌጅ ብቻ አይደለም፣ ከክፍል ውጪም ሕይወት አለው፣ ተማሪን ከሥነ ጽሑፍ መከልከል ጉዳት ነው ሲል መለሰ። ልባችን ከቴት ጋር ነው። ነገር ግን ሊንደማን ስለ መምህሩ ወሬ የተናገረችው ነካን። በክፍላችን አርባ ደቂቃ ሙሉ የሚያወራው ማነው? እኛ ነን።

‹‹ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው፣ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?›› ትሉ ይሆናል። ወደዚህ አካባቢ ጥያቄው የገባው በሌላ በር፣ በእንግሊዞች በኩል ነው። ዩጋንዳ ያለው ማኬሬሬ ከ1949 ጀምሮ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቆራኝቶ ስለነበር ተማሪዎቹ የሚመረቁት በለንደን ዲግሪ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍሉ የሚነበቡትም እንግሊዞቹ ትልልቅ የሚሏቸው ደራስያን ናቸው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እዚያ ነው የተማረው፤ ያን ጊዜ ስሙ ጄምስ ንጉጊ ነበር። በ1962 አፍሪካውያን ደራስያን በማኬሬሬ ሲሰበሰቡ ገና ተማሪ ሆኖ የልብወለዱን ረቂቅ ለቺንዋ አቼቤ አሳየ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ናይሮቢ ላይ መምህር ሆኖ እናገኘዋለን። በመስከረም 1968 የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ ስለ ክፍሉ የወደፊት አቅጣጫ ሐሳብ አቀረቡ። በጥቅምት 24 ቀን 1968 ሦስት መምህራን፣ ንጉጊ፣ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ፣ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ይፍረስ የሚል መልስ ጻፉ። ታባን በደቡብ ሱዳን ተወልዶ ዩጋንዳ ያደገ ሰው ነው፤ የደቡብ ሱዳን ጓደኞቻችን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ሦስቱ ሼክስፒር ይቃጠል አላሉም። ያሉት መሃሉ አፍሪካ ይሁን፣ የቃል ሥነ ጽሑፍ፣ ማለትም ተረቱ፣ ዘፈኑና ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ ዋና ትምህርት ይሁን፣ የአውሮፓውም የካሪቢያኑም ከዚያ ተነስቶ ይታይ ነው። በኋላ ክፍሉ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ሆነ። በ1974 የኬንያ መምህራን በናይሮቢ ተሰብስበው ነገሩን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስለማውረድ ተወያዩ። ንጉጊ ራሱ በ1977 መጨረሻ ታስሮ አንድ ዓመት ያህል ቆየ፣ ከ1982 ጀምሮ ኑሮው በስደት ሆነ፣ በ2025 አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

በኛ አገር ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎቹ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ በንጉሡ ፊት ያነበቡትና የታወሱበት ግጥም ግን በአማርኛ የጻፉት ነው። ክፍል ውስጥ በአንዱ ቋንቋ፣ መድረክ ላይ በሌላው። እኛ ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዘመን ደግሞ ‹‹ቤዚክ ራይቲንግ ስኪልስ›› የሚባል ኮርስ ወሰድን። አንቀጽ አጻጻፍ፣ መሪ አረፍተ ነገር፣ ማያያዣ ቃላት ተማርን፤ አንድም ልብወለድ አላነበብንም። የሊንደማን ምኞት እኛ ላይ ደርሶልናል ማለት ይቻላል። ትምህርቱን ሳንጨርስ አገር ለቀን ወጣን፣ ያችው ኮርስ ይዛን እዚህ መጣች፣ በእሷው እናርማለን።

ኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የናይሮቢው ክርክር ፍሬ ውስጡ ነበረበት። የእንግሊዝኛው ሦስተኛ ወረቀት ላይ ከምናብ ድርሰቱ ሌላ በሴት ቡኮቹ ላይ የሚጻፉ ሁለት ድርሰቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከሃያ የሚታረሙ። ከኢብሰን ጎን የንጉጊ ‹‹ወንዙ መሃል››ም ባለፉት ዓመታት ተመድቦ ያውቃል። ፈተናው ራሱ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እየተተካ ነው። በኛ ግምት ናይሮቢ ላይ የተለወጠው ‹‹የትኛውን መጽሐፍ?›› የሚለው ነው። ትልቅ ለውጥ ነው፣ አናቃልለውም። ‹‹ተማሪው በመጽሐፉ ምን ያድርግበት?›› የሚለው ግን ብዙም አልተነካም። የአፍሪካውንም ልብወለድ ጋይድ ተዘጋጅቶለት በቃል ይሸመድዱታል፣ እኛም ለሽምደዳው አሥራ አምስት እንሰጣለን።

የልጅቷን ወረቀት መልሰን አረምነው። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው፣ ሦስተኛው አንቀጽ ከሁለተኛው ጋር አይያያዝም፤ ይህን አልደበቅናትም። አሥራ አራት ሰጠናት። ‹‹ከርዕስ ውጪ›› የሚለውን ሰርዘን ‹‹ማስረጃሽን ከየትኛው ገቢር እንዳገኘሽ ጥቀሺ›› ብለን ጻፍን። ከጋይድ ለገለበጡት የሰጠነውን አልቀነስንም፣ ጥፋቱ የኛም ስለሆነ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ የለወጥነው ትንሽ ነገር ነው። ጥያቄውን ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከመጽሐፉ ያስደነቀውን ወይም ያናደደውን አንድ ቦታ መርጦ፣ ገጹን ጠቅሶ፣ አምስት መስመር ይጽፋል። በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም ቢሆን እንቀበላለን፤ ወደ እንግሊዝኛ የምንሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ኮፒው ስለማይበቃ በቡድን እየተቀመጡ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል። ይህን የሞከራችሁ ሌሎች መምህራን ካላችሁ፣ በተለይ ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል እንዴት እንደምታርሙት፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። ለኛ እስካሁን አልተቃናልንም፤ ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል።