ከጠበቃነት ወደ ዳኝነት፦ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ

ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ በአሜሪካ የፌዴራል ዳኛ ሆነው የተሾሙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። በ1921 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከካሪቢያን ባሕሯ የኔቪስ ደሴት የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አባታቸው በየል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማኅበራት ምግብ ያበስሉ ነበር። ቤተሰቡ ኮሌጅ የማስተማር አቅም አልነበረውም። ወጪያቸውን የሸፈኑት በአንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰሟቸው ክላረንስ ብሌክስሊ የተባሉ ነጭ ባለጸጋ ነበሩ። ሞትሊ በ1946 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ።

ገና ተማሪ ሳሉ ቱርጉድ ማርሻል ይመሩት በነበረው የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሕግ ተቋም ሥራ ጀምረዋል። በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሕገወጥ ያሰኘውን የብራውን ክስ የመጀመሪያ አቤቱታ ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ጥቁሩ ተማሪ ጄምስ ሜሬዲዝ በ1962 ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የገባውም በእርሳቸው ጥብቅና ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከሩባቸው 10 ጉዳዮች ዘጠኙን ረትተዋል። የተሸነፉበት አሥረኛው፣ በ1965 የተወሰነው፣ ዐቃቤ ሕግ ጥቁሮችን ከሕዝብ ዳኞች ሸንጎ (ጁሪ) አባልነት ስለማግለሉ የቀረበ ነበር፤ በዚህም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ከ21 ዓመት በኋላ አቋሙን ለውጧል።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጥር 1966 ለኒው ዮርክ ደቡባዊ ቀጠና የፌዴራል ፍርድ ቤት ሲያጯቸው፣ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ ሹመቱን ለወራት አጓተቱት። ሹመቱ የጸደቀው በነሐሴ ነው።

በሞትሊ ላይ የተነሳው ተቃውሞ በ1975 በሌላ መልክ ችሎት ፊት ቀረበ። ሴት ጠበቆችን በቅጥር ያገልላል ተብሎ የተከሰሰው ሱሊቫን ኤንድ ክሮምዌል የተባለው ስመ ጥር የጠበቆች ድርጅት፣ ዳኛዋ ጥቁርና ሴት ስለሆኑ፣ በዚያም ላይ የሲቪል መብት ጠበቃ ስለነበሩ ለከሳሾች ያደላሉ ሲል ከችሎቱ እንዲነሱ ጠየቀ። ሞትሊ አልተነሱም። የዳኛ ጾታ፣ ዘር ወይም የቀድሞ ሥራ ብቻውን ለመነሳት በቂ ምክንያት ከሆነ፣ በፍርድ ቤቱ ይህን ጉዳይ ሊያይ የሚችል ዳኛ አይገኝም፤ ሁሉም ጾታ አላቸው፣ ሁሉም ጠበቃ ነበሩ የሚል ነበር ምላሻቸው። ክርክሩ ቀላል ቢመስልም የአቤቱታውን ድብቅ መነሻ ያጋልጣል፦ ነጭ ወንድ ዳኛ ብቻ ወገን እንደሌለው ተቆጥሮ ነበር። ሊዮን ሂጊንቦተም የተባሉ ጥቁር ዳኛም በ1974 በፔንሲልቬንያ ተመሳሳይ ጥያቄ ውድቅ አድርገው ነበር። ሁለቱ ብይኖች እስከ ዛሬ አብረው ይጠቀሳሉ።

ሞትሊ የሰጡት ፍርድ ሁሉ ግን አልጸናም። በ1970 ማርቲን ሶስትሬ የተባለ እስረኛ ከአንድ ዓመት በላይ ብቻውን መታሰሩ ጭካኔ ነው ብለው ካሳ ፈረዱለት፤ ለብቻ እስር የ15 ቀን ጣሪያም አበጁ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከካሳው ከፊሉን አጽንቶ ጣሪያውን ሻረ። በሌላ በኩል በ1978 ሴት የስፖርት ጋዜጠኞች ወደ ያንኪ ስታዲየም መልበሻ ክፍል እንዳይገቡ የተጣለውን ክልከላ አነሱ። ስታዲየሙ የኒው ዮርክ ከተማ ንብረት በመሆኑ እኩልነትን የሚደነግገው ሕገ መንግሥታዊ ድንጋጌ ይመለከተዋል፤ የተጫዋቾቹን ገመና ለመጠበቅ ደግሞ መጋረጃ በቂ ነው ሲሉ ወሰኑ።

ሞትሊ በ1982 የፍርድ ቤታቸው ዋና ዳኛ ሆኑ። በ1986 ሥራ ቀለል ወደሚልበት የአንጋፋ ዳኝነት ደረጃ ተሸጋግረው፣ በ2005 እስካረፉ ድረስ በዳኝነት ቆዩ።