ጋቢ፣ ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር፦ አካታች የልብስ ዲዛይን በላስታ ደጋ

ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልገው፣ በመቄት የምትገኘው የፍላቂት ከተማ ነዋሪ ሁለት መንገድ አለው። ወይ በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይወርድና ደሴ ይደርሳል፤ ወይ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። በሁለቱም ከተሞች የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፋቸው የቆዩ የአካል ተሃድሶ ማዕከላት አሉ። እዚያ ይለካል፣ ይገጠምለታል፣ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት ይዞ መራመድ ይለማመዳል፤ ከዚያ ወደ ቀዬው ይመለሳል። በቀዬው የሚጠብቀው ግን ድንጋያማ ቁልቁለት፣ የሌሊት ውርጭ፣ ጫማ ወልቆ የሚገባበት ቤተ ክርስቲያን፣ ጋቢና ቁምጣ ነው። እስከ አሁን ባለው አሠራር መሣሪያው የሕክምና ጉዳይ፣ ልብሱ ደግሞ የለባሹ የግል ጉዳይ ሆነው ተለያይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ይህ መለያየት ለመሣሪያው ጥቅም ማነስ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው፤ በሰውነት ላይ የሚውል ማናቸውም ቴክኖሎጂ እንደ ልብስ መታሰብ፣ እንደ ልብስም መለካት አለበት ብዬ ነው። በላስታና በመቄት ደጋ ደግሞ ሁለቱን ሊያገናኙ የሚችሉት ባለሙያዎች፣ ማለትም ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊውና ጫማ ሠሪው፣ ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው።

ከጋቢው እንነሣ። ጋቢ አራት እጥፍ የጥጥ ሸማ ነው፤ ነጠላ ሁለት እጥፍ ብቻ። ቁልፍም ዚፕም ስለሌለው ጣቱ ለደከመ ወይም አንድ እጁን ላጣ ሰው ይመቻል፤ ለባሹ ቢከሳም ቢወፍርም አይጠበውም፣ ተቀምጦም ተኝቶም ይለበሳል። በአሜሪካ እንደ ቶሚ ሂልፊገር ያሉ ታዋቂ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሸሚዝ ቁልፍን በማግኔት እየተኩ ለአካል ጉዳተኞች ልብስ ማቅረብ ሲጀምሩ፣ የኛ ደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቁልፍ አልባ ልብስ ነበረው። የጋቢ ችግር ሌላ ነው፤ ትከሻ ላይ የሚቆየው በእጅ እርዳታ ነው። መንገደኛ ጫፉ በተንሸራተተ ቁጥር ሳያስበው በእጁ አንሥቶ ወደ ትከሻው ይመልሰዋል። በሁለት ክራንች የሚሄድ ሰው ግን ይህን ለማድረግ ቆሞ አንዱን ክራንች መልቀቅ አለበት። ጨርቁ በብብቱና በክራንቹ መደገፊያ መካከል ሲገባ ያንሸራትተዋል፤ ቁልቁለት ላይ ጫፉ ከክራንቹ ሥር ሲገባ ይጥለዋል። ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው ዘርፉ በጎማው ሽቦ ይጠላለፋል። ጋቢውን ትቶ ጃኬት ይልበስ የሚል ይኖራል፤ በለቅሶ፣ በሰንበቴና በሽምግልና ሸንጎ መካከል ግን በጃኬት የተቀመጠ አዋቂ ከእኩዮቹ ተለይቶ ይታያል። ከጉዳቱ ላይ ሌላ መለያ ተጨመረበት ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ባህሉ ግማሹን መልስ ይዟል። ሰው ለማገልገል ሲነሣ ያደገድጋል፤ ሸማውን ደረቱ ላይ አዙሮ ወገቡ ላይ ያጠብቀዋል፤ ሁለት እጁ ነጻ ይሆናል፣ ጨርቁም ከቦታው አይነቃነቅም። እንግዲያው ክራንች የያዘ ሁሉ ያደግድግ ማለት ግን አይቻልም፤ ማደግደግ የአክብሮትና የታዛዥነት ምልክት ስለሆነ፣ ዕድሜ ልኩን አደግድጎ የሚታይ ሽማግሌ ከክብሩ ይጎድላል። ዲዛይነሩ ከማደግደግ ሊወስድ የሚገባው ክብደቱን ከትከሻ ወደ ወገብ የማውረዱን ዘዴ ነው። ከውስጥ በኩል የተሰፋ የወገብ ማሰሪያ፣ ክንድ የሚወጣበት ስንጥቅ፣ በክራንቹ ጎን አጠር ያለ ጫፍ ይበቃሉ፤ ከውጭ ሲታይ ጋቢው ጋቢ ነው፤ ጥለቱም አይነካም። ሸማኔው አዲስ መሣሪያ አይገዛም። ድሩን ከማድራቱ በፊት ለባሹ ተቀምጦ ነው ወይስ ቆሞ የሚለብሰው፣ በየትኛው እጁ ነው የሚደገፈው ብሎ መጠየቅ ብቻ አለበት። ይህ ጥያቄ ዛሬ አይጠየቅም፤ ሸማው ለሁሉም በአንድ ልክ ተሠርቶ ይሸጣል።

የቁምጣው ነገርም እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በወሎ ገጠር ቁምጣ የተለመደ የወንድ ልብስ ነው፤ እግር ይታያል ማለት ነው። ሱሪ ለብሶ ለሚውል የከተማ ሰው የሰው ሠራሽ እግር ቀለምና ቅርጽ ግድ ላይሰጠው ይችላል፤ ቁምጣ ለሚለብስ ገበሬ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያየው ነገር ነው። በሌላ በኩል ረጅም ሱሪ የለበሰ ሰው የራሱ ችግር አለበት። ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል በቀን ውስጥ ያብጣል፣ ይቀንሳል፤ ይህ ክፍል የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ (ሶኬቱ) እንዳይላላ ካልሲ መደረብ ወይም መቀነስ ያስፈልጋል። የሱሪው ስፌት በጎን በኩል ተፈትቶ በተለጣፊ ማሰሪያ ካልተዘጋጀ፣ ይህን ለማድረግ ገበያ መሐል ሱሪውን ማውለቅ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ካልሲው ሳይደረብ ይውላል፤ ሶኬቱ ይፈገፍጋል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ እግሩም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማዕከሉ በጥንቃቄ የሠራው እግር የከሸፈው በአንድ የሱሪ ስፌት ነው።

ጫማ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ባለሙያው ሰው ሠራሽ እግርን የሚያስተካክለው ለተወሰነ የጫማ ተረከዝ ከፍታ ነው። ለባሹ ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ዝቅ ስለሚል እግሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሜዳ ላይ እየሄደ አቀበት እንደሚወጣ ሰው ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገቡት 11ዱ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በተቦረቦረ የድንጋይ ደረጃ፣ በጥልቅ ቦይና በጨለማ መተላለፊያ የተያያዙ ናቸው። ቅርሱን ፈልጦ ራምፕ ማስገባት ስለማይቻል፣ ማስተካከል የሚቻለው ሰውየው የሚለብሰውን ነው። በህንድ ጃይፑር ከተማ ፕራሞድ ካራን ሴቲ የተባሉ የአጥንት ሐኪምና ራም ቻንድራ ሻርማ የተባሉ የእጅ ባለሙያ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር። ከምዕራቡ ዓለም የመጣው እግር ያለ ጫማ አይሄድም፤ የህንድ ገበሬ ግን በባዶ እግሩ ይራመዳል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ጫማውን አውልቆ ቤተ መቅደስ ይገባል። ሁለቱ በጎማ ሥራ ዘዴ ያበጁት እግር ጫማ የማይጠይቅ፣ የሰው እግር መልክ ያለው ሆነ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ይገጠማል። ከዚህ ታሪክ ለኛ የሚጠቅመው ሐኪሙና የእጅ ባለሙያው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ነው። እዚህም እንዲህ ያለ እግር እስኪሠራ ድረስ ግን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚውል፣ ከጫማው ተረከዝ ጋር እኩል የሆነና በንጽሕና የሚያዝ የጨርቅ ወይም የቆዳ የእግር ሹራብ ሊሰፋ ይችላል፤ ተገቢነቱን የሚወስኑት ካህናቱ ስለሆኑ ንድፉ ሳይጀመር እነሱን ማማከር ግድ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ማስረጃም ትሰጠናለች። መቋሚያ ረጅሙን ሥርዓት ቆሞ ለማድረስ የሚረዳ መደገፊያ ነው፤ ነገር ግን መቋሚያ የያዘን ደብተራ አይቶ ደካማ ነው የሚል የለም። ሙያው፣ ጌጡና ዝማሬው አብረውት ስላሉ መደገፊያው ማዕረግ ሆኗል። ክራንች ከመቋሚያ በተግባር ብዙ አይርቅም፤ በአክብሮት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ልዩነቱን የፈጠረው ኅብረተሰቡ ለአንዱ ውበትና ስፍራ ሰጥቶ ለሌላው መንፈጉ ነው። ዲዛይን ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ልብስና ጫማ ጤና ላይ ለውጥ ያመጣሉ ወይ ለሚል፣ ጥሩው ማስረጃ የሚገኘው ከዚሁ ከአማራ ክልል ነው። በእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ መሠረት ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን ይዟል ተብሎ ተገምቷል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ፣ እግር መታጠብን፣ ቆዳ ማለስለስን፣ ፋሻን፣ እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን በአንድ ላይ ሰጥቶ ውጤቱን ለካ። ድጋፉ ወዲያው ባልተጀመረላቸው ሰዎች ላይ የሕመሙ ግርሻ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲሆን፣ በተጀመረላቸው ላይ 19.4 ሆነ። ሙከራው ጥቅሉን እንጂ ጫማውን ለብቻ እንዳልለካ መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም ያበጠ እግር ገበያ ላይ ባለው ኮንጎ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ በልክ የሚሠራ ጫማ ከሌለ ጥቅሉ ይጎድላል። የሥጋ ደዌም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ስሜት ያጣ እግር ሳይታወቀው ስለሚቆስል ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያስፈልገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለርት ይህን ሲያስተምር ኖሯል። ሆኖም ከሌላው ጫማ የተለየ መልክ ያለው መከላከያ ጫማ በሽታውን አደባባይ ስለሚያወጣ ለባሹ ይሸሸዋል። በዚያው በአለርት አካባቢ በዘነበወርቅ በቤተልሔም ጥላሁን የተመሠረተው ሶልሬብልስ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ከድህነት ምልክትነት አውጥቶ የውጭ ገበያ የሚፈልገው ጫማ አድርጎታል። የሕክምና ጫማ አምራች አይደለም፤ ነገር ግን ያው ጎማ፣ ያው እጅ፣ በሌላ ዓይን ሲታይ ምን እንደሚሆን አሳይቷል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ እህል ባነሰበትና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት በተጎዳ ደጋ ስለ ልብስ መልክ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ቁም ነገሩን አከብራለሁ፤ መደምደሚያውን አልቀበልም። ድሃ አገር አንድ ሰው ሠራሽ እግር ሠርቶ ሲሰጥ ብዙ ወጪ አውጥቷል፤ እግሩ ሳይለበስ ከቀረ ወጪው ባከነ። በአሜሪካ 227 ተጠቃሚዎችን የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት ከድጋፍ መሣሪያዎቹ 29.3 በመቶው እንደተጣሉ አግኝቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ መሣሪያው ሲመረጥ የተጠቃሚው ሐሳብ አለመጠየቁ ነበር። ሀብታም አገር ይህን ብክነት ሊሸከም ይችላል፤ እኛ አንችልም። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ናቸው የሚለውም ክርክር አይጸናም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር 1.09 በመቶ ሲያደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም የአካል ጉዳት ሪፖርት ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል ግምት አስፍሯል። ልዩነቱ የአጠያየቅ ልዩነት ጭምር ነው፤ የታችኛውን ቁጥር ይዞ ማቀድ ግን ሰውን ከዕቅድ ማስወጣት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል፤ ዓለም በሞተር የሚታጠፍ ጉልበትና ዳሳሽ የተገጠመለት ልብስ ላይ ደርሶ ሳለ ስለ ጋቢ ማሰሪያ መጻፍ ወደ ኋላ መቅረት ነው ይላል። ኤሌክትሮኒክስን አልንቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የ50 ቅድሚያ የድጋፍ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የሚናገር ሰዓትና የመውደቅ ጠቋሚ አሉ፤ ለዓይነ ስውሩ የፍላቂት ተማሪ የሚናገር ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን የሕክምና ጫማም አለ። መለኪያው ሲበላሽ የት ይጠገናል የሚለው ነው። ባትሪው ሲያልቅ አዲስ አበባ መላክ ያለበት ዕቃ ለላስታ ገበሬ የአንድ ወር ስጦታ ሆኖ ይቀራል፤ የተቀደደ ተለጣፊ ማሰሪያ ግን ወረዳው ውስጥ ባለ የእግር ስፌት መኪና ይታደሳል።

ከሁሉም የሚከብደኝ የሕክምና ባለሙያዎች ስጋት ነው፤ ያልሠለጠነ ሰፊ ሰውን ሊያቆስል ይችላል ይላሉ። ልክ ናቸው። ለዊልቸር ተጠቃሚ የሱሪ የኋላ ኪስና ወፍራም ስፌት የመቀመጫ ቁስል ያመጣሉ፤ ለሶኬት የሚሆን ካልሲ ስፌት አልባ መሆን አለበት፤ የአካባቢው የበግ ሱፍ ለዚህ ሊሻክር ስለሚችል ሳይፈተሽ መዋል የለበትም። ስጋቱ የሚያስከትለው ግን ሰፊውን ማራቅን ሳይሆን ማሠልጠንን ነው። ሰፊው ዛሬም ያለማንም ምክር ለአካል ጉዳተኞች እየሰፋ ነውና።

ሕጉ ከዚህ ክርክር ቀድሟል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ለሁሉም የሚሆኑ ዕቃዎች ምርምር እንዲበረታታ፣ በአንቀጽ 30 ደግሞ በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዲከበር ያስገድዳል። በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ተቋም የጨርቃጨርቅ ትምህርት ይሰጣል፤ ባሕር ዳር የጨርቃጨርቅና ፋሽን ተቋም አላት፤ ደሴና ባሕር ዳር የተሃድሶ ማዕከላት አሏቸው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከመቄትና ከላስታ በሚመጡ ተጠቃሚዎች ልክ እንዲሠሩ፣ እያንዳንዱ ማዕከልም ከእግር መለኪያው ክፍል አጠገብ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ሠልጣኝ ሰፊ እንዲያስቀምጥ እጠይቃለሁ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የትምህርት ተቋማቱና የተሃድሶ ማዕከላቱ ኃላፊዎች ስምምነት ይበቃል።