ባለ ክራሯ አስናቀች ወርቁ እና የመድረኩ በር

ባለፈው ዓመት የሴቶች ቀን ሲከበር ማኅበራችን ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚመለከት አጭር ጭውውት አዘጋጅቶ እንደነበር ደጎሎ የነበራችሁ አባላት ታስታውሳላችሁ። ጭውውቱን የጻፍነው እኛው ነን። አዳራሹም፣ ወንበሩም፣ ቡናውም ተሟልቶ ነበር። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሽራ። እናት ሆና የምትጫወት፣ ጎረቤት ሆና የምትጫወት አልጠፋችም። ሙሽራ ሆኖ ሕዝብ ፊት መቆም ግን ሁላችንንም አስፈራን። አንዷ «ባሌ ምን ይለኛል» አለች፤ ሌላዋ አማቷን ፈራች፤ እኛ ሒሳብ የምንይዘውም የወሩን ሒሳብ መዝጋት አለብን ብለን ሸሸን። በመጨረሻ የአንዷ አባላችን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ ሙሽራ ሆነ። ሕዝቡ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጭውውቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስትዳር የሚያሳይ ነበር፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለን። እኛ በዚህ ዘመን ያልደፈርነውን መድረክ ያን ጊዜ የደፈሩት እነማን ናቸው? ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የሚጀምረው በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ከቀረበው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። ደራሲው በኋላ በጅሮንድ ተብለው የመንግሥትን ገንዘብ የያዙ ሰው ናቸውና እኛ የሒሳብ ሠራተኞች እንደ ባልደረባ ብንቆጥራቸው አይፈረድብንም። ተዋናዮቹ በአውሬ ስም ስለሚናገሩ ሴት ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ብዙም አላስቸገረም። ቀጥለው በየትምህርት ቤቱ በቀረቡት ተውኔቶች ግን እናትም፣ ሚስትም፣ ንግሥትም የሚሆኑት ወንዶች ልጆች ነበሩ። የኛ የሰባተኛ ክፍል ሙሽራ እንግዲህ አዲስ ነገር አልሠራም።

ነውሩ የኛ ብቻም አይደለም። በሕንድ አገር የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ሲሠራ አዘጋጁ ፋልኬ ንግሥቲቱን የምትጫወት ሴት ፈልጎ ፈልጎ አጣ። በመጨረሻ ንግሥት ያደረገው ሳሉንኬ የሚባል የምግብ ቤት ሠራተኛ ወንድ ነው። ከአርባ አራት ዓመት በኋላ በዚያው አገር ናርጊስ «ማዘር ኢንዲያ» በተባለው ፊልም ልጆቿን በእርሻ የምታሳድግ እናት ሆና ተጫወተች። በሩ አንዴ ከተከፈተ የሚገባው ሕዝብ ብዙ ነው ማለት ነው።

በኛ አገር በሩን ከከፈቱት ሴቶች አንዷ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናት። የተወለደችው በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ልጅነቷ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን አለፈ። እናቷን ያጣችው ገና በሕፃንነቷ ነበር። በ1940ዎቹ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው በደረሱት «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለው ተውኔት ላይ ስትጫወት ሴት በተዋናይነት መድረክ ላይ መታየቷ ራሱ ወሬ ነበር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን የኦርዮንን ሚስት ቤርሳቤህን ወስዶ ባሏን ለሞት ሰደደው። ነገሩ ሁሉ የተነሣው በአንዲት ሴት ውበት ነውና ሴት የሌለችበት እንዴት ሆኖ ይታያል? ወንድ ሻሽ አስሮ ቢቆም፣ ከኛው አዳራሽ እንዳየነው፣ ሳቅ ነው የሚሆነው።

አስናቀች ክራር ትመታ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአባቶች ትውፊት ዐሥር አውታር ያለው በገና የንጉሥ ዳዊት ነው፤ የጸሎትና የምስጋና ዕቃ ነው። ክራር ግን የጠጅ ቤት፣ የዘፈን፣ ሲብስም የሰይጣን ዕቃ ተብሏል። ለወንዱ እንኳ «አዝማሪ» መባል ስድብ በነበረበት አገር፣ ክራር ይዛ የምትቀመጥ ሴት ምን ምን ስም ይወጣላት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ያቺ ሴት ናት እንግዲህ የበገና ደርዳሪው ንጉሥ ታሪክ በሚታይበት ተውኔት የቆመችው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት ሲመረቅ አስናቀች የዚያ ቤት ሰው ሆነች። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ አዲስ አበባ ስትሄዱ ፊት ለፊቱ የድንጋይ አንበሳ የቆመበት ነው። ማታ ማታ ተዋናይት፣ ሲያሻት ድምፃዊት ነበረች። ከመሰንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር እየተሞጋገሱና እየተነቋቆሩ የሚቀባበሉት ዜማ እስከ ዛሬ በትልልቆቹ ይወሳል። ይህ ለኛ ለወሎዎች ባዕድ ጨዋታ አይደለም። ሠርግ ቤት ሴቶቻችን ግጥም ሲወራወሩ የሚያድሩት ምን ሊባል ነው? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የኛው አገር ስም ነው። የአምባሰል ዜማ ከፍ ሲል የማይነካው ወሎዬ የለም። ዜማውን እንወዳለን፤ የምታዜመውን ሴት ግን ልጃችን ባትሆን ደስ ይለናል።

አስናቀች ለምን በፊልም አልታወቀችም የሚል አይጠፋም። በዚያ ዘመን ካይሮ በየዓመቱ በርካታ ፊልም ታወጣለች፤ ፋተን ሐማማን የመሰለች ተዋናይት አላት። እኛ አገር ግን የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አስናቀች መድረክ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይታለች። ወጣትነቷን ያዩት በዚያች ሌሊት ቲኬት ቆርጠው የገቡት ናቸው። ናርጊስን ዛሬም ደጎሎ ተቀምጠን በስልክ እናያታለን፤ የአስናቀች የትወና ሌሊቶች ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብረው ተዘጉ። በሒሳብ ቋንቋ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሥራ ነው፤ ተሠርቷል፤ ማስረጃው ግን በሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ከማኅበራችን አባላት ብድር ሲጠይቁ «እስከ ዛሬ ምን ትሠሪ ነበር?» ስንላቸው «ኧረ ምንም፣ ቤት ነው የምውለው» የሚሉን ስንት ናቸው? ያቺው «ምንም» የምትለን ሴት ጠላ ትጠምቃለች፣ ስንዴ ታርማለች፣ ስድስት ልጅ ታሳድጋለች።

ድምፅዋ ግን ተርፏል። ቀድሞ አዲስ አበባ የተቀረጹት ዜማዎቿ ፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ውስጥ 16ኛው ሆነው ወጥተዋል፤ የሸክላው ርዕስም በኛ ቋንቋ ባለ ክራሯ እመቤት እንደ ማለት ነው። ራሔል ሳሙኤል ደግሞ «አስኒ» በሚል ርዕስ የሕይወት ታሪኳን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ግን ባለቤቷ ካለፈች በኋላ ነው። አስናቀች ከሕመም በኋላ ያረፈችው በ2004 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ፣ የዘመን መለወጫ ቄጤማ ከየቤቱ ሳይጠረግ ነው። ከእርሷ በኋላ በዚያው በር እነ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ገብተዋል፤ ተዋናይት ብቻ ሳይሆኑ ደራሲና አዘጋጅም ሆነው።

የዘንድሮው ጭውውት ልምምድ ባለፈው ቅዳሜ ተጀምሯል። ይህን ታሪክ ቡና ላይ ካወራነው በኋላ የሙሽራዋን ቦታ ሁለት አባላት ጠይቀዋል፤ አንደኛዋ ባለፈው ዓመት አማቷን የፈራችው ናት። አማቷ መጥተው እናያለን ብለዋል፤ ለማየት ይሁን ለመቆጣት ገና አልታወቀም። ልጁም አልቀረም። ድምፁ ስለ ጎረነነ ዘንድሮ ሙሽራ መሆን አይችልም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልሁን ብሏል።