የተወጋ አይረሳም

ደብረ ዘይት ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድመው ትዝ የሚሉን ሐይቆቿ ናቸው። ሆራ አለ፤ ባቦጋያ አለ፤ ስሙን ለከተማዋ የመለሰላት ቢሾፍቱም አለ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ የአየር ኃይል መናኸሪያም ናትና ከሐይቆቹ ቀጥሎ የአውሮፕላን ድምፅ ይታወሰናል። ነገር ግን ደብረ ዘይት በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣው ከእነዚህ ይልቅ በበሬ ምክንያት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

በከተማዋ ሁለት ተቋማት ይገኛሉ። አንደኛው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመውና የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው ፓንቫክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ሲሆን፣ ሥራው በአህጉሪቱ የሚሠራባቸውን የእንስሳት ክትባቶች ጥራት መመርመር ነው። በዚህ በሁለተኛው ግቢ፣ በጥብቅ ጥበቃ ሥር፣ አንድ የቆየ ጠላት በብርድ ተኝቷል። ይህ ጠላት ቅድመ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩትን ዘመን ያመጣው የከብት በሽታ ቅሪት ነው።

የበሽታው ስም በአማርኛ «ደስታ» ነው። አገር ያጠፋ በሽታ እንዴት ደስታ ተባለ ቢሉ፣ የሚፈራውን ነገር በመልካም ስም እያባበሉ መጥራት የቆየ የሰው ልማድ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ደስታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። እንዴት ጠፋ? የሁለቱም አጠፋፍ ታሪክ ሰውነታችን ጠላቱን የሚያስታውስበትን መንገድ፣ እኛ ደግሞ የምንረሳበትን መንገድ ያሳየናል።

*

ለመሆኑ ሰውነት እንዴት ይከላከላል? የመጀመሪያው አጥር ቆዳ ነው። በምግብና በውኃ ተሳፍሮ ወደ ውስጥ የሚገባውን ጀርም ደግሞ ጨጓራ ይቀበለዋል። ጨጓራ ምግብን ለማላም የሚያመነጨው አሲድ ብርቱ ስለሆነ አብዛኛውን ጀርም እዚያው ይፈጀዋል። ከዚያ ያመለጠው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀት ምግብ ወደ ደም የሚሻገርበት በር በመሆኑ ጠላትም ሊሻገርበት የሚፈልገው እሱን ነው። ስለዚህም ብዙ የሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት በአንጀት ዙሪያ ሰፍረው ይጠብቃሉ።

አጥሩንም በሩንም ያለፈ ጠላት ደም ውስጥ ይገባል። ደም ከልብ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ልብ የሚገባ ዘዋሪ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቷል። ከዚያ በፊት የነበሩ የኤውሮፓ ሐኪሞች ደም በመስኖ እንደተለቀቀ ውኃ በሰውነት ውስጥ ተመጥጦ የሚቀር ይመስላቸው ነበር። ዐርፎ በተቀመጠ ሰው ላይ ደም ዙሩን የሚጨርሰው በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ዑደት ለጠላትም ለጠባቂም መንገድ ነው፤ ጀርሙን ከአንጀት ወደ ሳንባ እንደሚያደርሰው ሁሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ጦርነት ወዳለበት ያደርሳል።

እግሩን እሾህ የወጋው ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣበት ሁላችንም አይተናል። ንፍፊት የሚባለው ነጭ ሕዋሳት የተያዘውን ጠላት መልክ የሚመረምሩበትና የሚራቡበት ዕጢ ነው። ከነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ያገኙትን ሁሉ ይውጣሉ። ሌሎቹ ግን ለአንድ ጠላት ብቻ የሚስማማ መሣሪያ ያበጃሉ፤ ይህም ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ጠላቱ አዲስ ከሆነ መሣሪያውን አበጅቶ ለማብቃት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በሽተኛው የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ በዚህ መካከል ነው። ከተረፈ ግን ጥቂት ሕዋሳት የዚያን ጠላት መልክ ይዘው ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቆያሉ። ጠላቱ ዳግመኛ ሲመጣ ሥራው ከዜሮ አይጀመርም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ስለ ቂም የተነገረ ነው። ስለ ደም ቢነገርም እውነት ነው።

*

አሁን ወደ ክፉ ቀን እንመለስ። ደስታ ወደ አገራችን የገባው በ1887 በምፅዋ በኩል እንደሆነና ያመጡትም ኢጣልያኖች ለጦራቸው ያስገቧቸው ከብቶች እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ከብት ይህን በሽታ አያውቀውም ነበር። በደሙ ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ አልነበረውም።

በሽታው በአፍና በአፍንጫ ይገባል። መጀመሪያ የሚይዘው ራሳቸውን ጠባቂዎቹን፣ ነጭ ሕዋሳትንና ዕጢዎችን ነው። ከዚያም በእነሱው ተሳፍሮ በደም ዑደት ወደ አፍና ወደ አንጀት ይደርሳል። የአፉ ቆዳ ይላጣል፤ አንጀቱ ይቆስላል፤ ከብቱ መብላት ይተውና በተቅማጥ ውኃው አልቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃል።

ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ከብት አልቋል የሚለው ግምት በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ ይገኛል። በሬ ያለቀበት ገበሬ አያርስም፤ ያላረሰ አያጭድም። ላዩ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ረኃብ ከሕዝቡ ሲሶው ሳያልቅ አልቀረም ይባላል። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን መሬቱን እንዲቆፍር ለማበረታታት እርሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥት በዶማ የቆፈረበት ዘመን ምን ዓይነት ዘመን እንደነበር አንባቢ ይገምተው። በሽታው በዚህ አላበቃም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ።

ከዚህ ሁሉ እልቂት የተረፈ ከብት ግን ሁለተኛ በደስታ አይያዝም ነበር። አርብቶ አደሮች ይህን አይተው ያውቁ ነበር። ማስታወሻው የተጻፈው በብዙ ሞት ዋጋ ነው። ታዲያ ያለ ሞት መጻፍ አይቻልምን?

*

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች መልስ መፈለግ የጀመሩት በፈንጣጣ ነው፤ ከፈላጊዎቹም መካከል የእኛ አገርና የጎረቤቶቻችን ሰዎች ይገኛሉ። ዓባይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አቋርጦ ሱዳን ከገባ በኋላ በሚያገኛት በጥንታዊቱ ሰናር፣ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1772 አንድ ልማድ ሰምቶ ጽፏል። የአገሩ ሴቶች ቀላል ፈንጣጣ የያዘው ልጅ ወዳለበት ቤት ሄደው ከልጁ እናት ጋር በዋጋ ይከራከራሉ። ልጁ ክንድ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ወስደው በራሳቸው ልጅ ክንድ ላይ ያስራሉ። ይህንንም «ፈንጣጣ መግዛት» ይሉታል። በደጋው ኢትዮጵያም ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛን ሰው ቆዳ በጥቂቱ ቧጥጦ ማስገባት የቆየ ልማድ ነበር። አደጋ ነበረው፤ አንዳንዱን ይገድላል፤ በሽታውንም ወደ ጎረቤት ያዛምታል። ሆኖም ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰውነት ጠላቱን በትንሹ ካየው በትልቁ አይሸነፍም።

በ1796 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር ከላም ፈንጣጣ የተወሰደ መግል ሰውን ከሰው ፈንጣጣ እንደሚያድን አሳየ። ፈረንጆች ለመድኃኒቱ ያወጡለት ስም «ቫካ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ላም ማለት ነው። እኛ ግን «ክትባት» አልነው። ከተበ በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የእኛ ስም ለነገሩ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ክትባት ጠላት ራሱ መጥቶ በደም ከመጻፉ በፊት የጠላቱን መልክ በሰውነት ላይ መጻፍ ነውና።

የደስታን ክትባት ወደ ፍጻሜ ያደረሰው የእንስሳት ሐኪሙ ዎልተር ፕላውራይት ነው። ናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው ሙጉጋ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ዘጠና ጊዜ ያህል እያዛወረ አሳደገው። በ1960 ገደማ ቫይረሱ ከብት መግደሉን ትቶ ማስታወስ የሚገባው መልክ ብቻ ቀረው። አንድ መርፌ ለከብቱ ዕድሜ በቂ ሆነ።

*

መድኃኒት ተገኘ ማለት ግን በሽታ ጠፋ ማለት አይደለም። ፈንጣጣን ለማጥፋት በኢትዮጵያ ዘመቻው በ1971 ሲጀመር፣ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ በሽተኞች ተመዝግበዋል። ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ገደል ወጥተው ሲወርዱ፣ በጎጃም አንዳንድ ቦታ ሕዝቡ አሻፈረኝ አለ። አሻፈረኝ ያለው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። የራሱ ከታቢዎች ነበሩት፤ የአባቶቹን ዘዴ ያምን ነበር። በዚያ ላይ በአገራችን የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለና ብዙ የማይገድል ስለነበር ፍርሃቱም ያን ያህል አልነበረም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1976 በደቡብ ምሥራቅ ቆላ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ነው። በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ወር ሶማሊያ ውስጥ በመርካ ከተገኘው በሽተኛ በኋላ ፈንጣጣ በተፈጥሮው የያዘው ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ስብሰባም በ1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ደስታ ግን አንድ ጊዜ አታሎናል። ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ በተካሄደ ታላቅ የጋራ ዘመቻ በሽታው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ ጥንቃቄው ላላ፤ ክትባቱ ቀረ። አዳዲስ ጥጆች ተወለዱ፤ እነሱም እንደ 1887ቱ ከብቶች ማስታወሻ የሌላቸው ነበሩ። በኢትዮጵያና በሱዳን ሩቅ ማዕዘኖች ተደብቆ የቆየው ደስታ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ የአህጉሩን ከብት እንደገና ፈጀ። የተከተቡት ከብቶች አልረሱም ነበር፤ የረሳው ሰው ነው።

በ1986 ሁለተኛው ዘመቻ ተጀመረ። በዚሁ ዘመቻ ውስጥ የክትባቶቹን ጥራት የሚቆጣጠር ማዕከል በደብረ ዘይት ተተከለ፤ ዛሬ ፓንቫክ የምንለው የዚያ ውላጅ ነው። አስቸጋሪው አፋር ነበር። ክትባቱ ብርድ ይፈልጋል፤ ቆላው ደግሞ እሳት ነው። በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ። የአፋር አርብቶ አደሮች ከመካከላቸው ሰዎችን መርጠው አሠለጠኑ፤ የተመረጡትም መድኃኒቱን ተሸክመው መኪና በማይደርስበት የገዛ ወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። ከ1995 በኋላ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም። በዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 በኬንያ ሲሆን፣ መጥፋቱ በ2011 ታወጀ። ከምፅዋ እስከዚያ ቀን 124 ዓመት መሆኑ ነው።

*

ደስታ ዘመድ አለው። ይህ ዘመዱ የሚያጠቃው ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን ነው፤ ስሙም ኩፍኝ ነው። ሊቃውንት የቫይረሶቹን ዘር ቆጥረው ሁለቱ ከአንድ አባት እንደወጡና ኩፍኝ ወደ ሰው የተሻገረው ከከብት ሳይሆን እንዳልቀረ ይናገራሉ። ኩፍኝም እንደ ዘመዱ ነጭ ሕዋሳትን ይይዛል። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያልተከተበ ሕፃን ኩፍኝ ከያዘው በኋላ ስለ ሌሎች በሽታዎች ከነበረው ፀረ እንግዳ አካል ከመቶ 11 እስከ 73 የሚሆነውን ያጣል። ልጁ ከኩፍኙ ይድናል፤ ሰውነቱ ግን ከዚህ ቀደም ያሸነፋቸውን ጠላቶች መልክ ይረሳል። ኩፍኝ የደምን መዝገብ የሚቀድ በሽታ ነው።

በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ከ1980 ጀምሮ ያለ ቢሆንም፣ ኩፍኝ ባለፉት ዓመታት ክትባት ባልደረሰባቸው ወረዳዎች እየደጋገመ ተነሥቷል። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ፣ ሰው ሲፈናቀል፣ ልጆች ሳይጻፍባቸው ያድጋሉ። ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም። ፈንጣጣን ያየ ትውልድ እያለፈ ነው። በዕድሜ የገፉት እናትና አባቶቻችን ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅም እየቀነሰ ሄዷል። በሽታው ስለማይታይ ክትባቱ ትርፍ ነገር ይመስለናል፤ በሽታው የማይታየው በክትባቱ ምክንያት መሆኑን እንዘነጋለን።

ደብረ ዘይት ላይ በብርድ የተኛው ቅሪት እንዲይዙት ከተፈቀደላቸው በዓለም ካሉ ጥቂት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል። የተቀመጠውም አንድ ቀን ደስታ ተመልሶ ቢነሣ የሚመከትበት እንዲኖር ነው። ሐይቁ ዳር ለመዝናናት የሚሄድ ሰው እግረ መንገዱን ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ደም የተጻፈበትን ይዞ የሚቆየው ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ሕፃንና በእያንዳንዱ ጥጃ ጽሕፈቱ እንደገና መጀመር አለበት። የተወጋ አይረሳም፤ ያልተወጋው ግን የሚያስታውሰው ነገር የለውም።