ዝገት ሰው ይገድላል? የመርከበኞች ደህንነት ሕግ ከየት መጣ

ሶደሬ ሄዳችሁ ከሆነ፣ ከፍል ውሃው አጠገብ የሚያልፈውን አዋሽን አይታችሁታል። ወንዙ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም፤ ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ኢትዮጵያውያን መርከበኞች ግን ከዚያም አልፈዋል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከመርከቦቹም ሸበሌ እና ጊቤ የሚባሉ፣ በወንዞቻችን ስም የተሰየሙ ነበሩ። ዛሬም እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የባሕር ሙያ ማሠልጠኛ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ።

ታዲያ አንድ ወጣት መርከብ ላይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የግድ መማር ያለበት ምን ይመስላችኋል? ውሃ ላይ በሕይወት መቆየት፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፣ ራስንና የሥራ ባልደረባን ከአደጋ መጠበቅ። ይህን ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የመርከበኞች ሥልጠና ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። እንዲህ ያሉ ሕጎች እንዲሁ ከሰማይ አልወረዱም። ከብዙዎቹ በስተጀርባ የሞቱ ሰዎች አሉ።

እስቲ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ እንመለስ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ የመርከብ ባለቤቶች ያረጀ መርከብ ከልክ በላይ እየጫኑ ይልኩ ነበር። መርከቡ ቢሰጥም ባለቤቱ የመድን ገንዘቡን ይቀበላል፤ መርከበኛው ግን ሞቶ ይቀራል። ሰዉ እነዚህን መርከቦች «የሬሳ ሣጥን» ይላቸው ነበር። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የድንጋይ ከሰል ነጋዴ በ1868 ፓርላማ ገባና ይህን ነገር አልለቅም አለ። በ1876 በወጣው ሕግ መርከቦች ጎናቸው ላይ የጭነት ምልክት እንዲቀባባቸው ተደነገገ፤ ውሃው ምልክቱን ካለፈ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። ግን ሕጉ ቀዳዳ ነበረው፦ ምልክቱ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ራሱ ነበር! ቦታው በሕግ እስኪወሰን ድረስ እስከ 1890 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ማዕበልና ጭነት በዓይን ይታያሉ። መርከበኛን የሚገድል፣ ግን የማይታይ ነገርም አለ።

መስከረም 2007 (እ.ኤ.አ.)፣ ሰሜን ባሕር። «ቫይኪንግ አይሌይ» በምትባል መርከብ ላይ የመልሕቁ ሰንሰለት እየተንኳኳ ያስቸግራል። ሁለት መርከበኞች ሊያስሩት ሄዱ። አንደኛው ሰንሰለቱ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባና ወደቀ። ጓደኛው ሊያወጣው ተከትሎ ገባ፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ሊያድናቸው መጣ። ትልቁን የመተንፈሻ መሣሪያ አዝሎ በጠባቡ በር ማለፍ ስላልቻለ፣ ለድንገተኛ ማምለጫ ብቻ የተሠራውን ትንሹን አድርጎ ገባ። ሦስቱም ሞቱ።

እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት አልነበረም። የነበረው ዝገት ነው። ብረት የሚዝገው ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እንደሆነ በኬሚስትሪ ተምራችኋል። ክፍሉ ተዘግቶ ሲቆይ ዝገቱ የአየሩን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለ። ይህ ከ10 በመቶ በታች ከወረደ ሰው ቶሎ ራሱን ይስታል።

«ትንፋሽ ሲያጥረኝ እወጣለሁ» ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትንፋሻችንን ስንይዝ የሚያስጨንቀን በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደማችን ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅን በሌለው አየር ውስጥ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደወትሮው እናስወጣዋለን። ስለዚህ ሰውነታችን አያስጠነቅቀንም፤ በቃ፣ ጉልበት ይከዳል።

መርከበኞችን ለመጠበቅ ሁለት ነገር ግዴታ ሆነ። ከጥር 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ወደ ተዘጉ ክፍሎች የመግባትና ከዚያ ሰው የማውጣት ኃላፊነት ያለባቸው መርከበኞች በየሁለት ወሩ ይለማመዳሉ። ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ መርከቦች የአየር መለኪያ መሣሪያ እንዲይዙ ተደረገ። ልምምዱ ለምን አስፈለገ? ጓደኛ ሲወድቅ ሮጦ መግባት የሰው ተፈጥሮ ስለሆነ ነው። ያንን ስሜት የሚገታው ደጋግሞ መለማመድ ነው፦ ቁም፤ ሰው ጥራ፤ አየሩን ለካ፤ መሣሪያህን አድርግ፤ ከዚያ ግባ።

ይህ የመርከበኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የውሃ ጉድጓድ ሊጠርግ የገባ ሰው ሞተ፣ ሊያወጡት የገቡትም አብረው ሞቱ የሚል ዜና አገራችን ውስጥ ሰምታችሁ ይሆናል። ባሕርም መርከብም በሌለበት፣ ታሪኩ ያው የሰንሰለቱ ክፍል ታሪክ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ጉድጓድ የገባ ሰው ድምፁ ቢጠፋ፣ ገመድ ይዞ ሊወርድ የሚዘጋጀውን ያዙት። ጀግንነት ጎድሎት አይደለም፤ እሱም እንዳይቀር ነው። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ፤ መሣሪያውም ሥልጠናውም ያለው እነሱ ጋ ነው።